ሐምሌን ቀድሞ ማቅላት፦ የነባር ቲማቲም ሥራ በደሴና በኮምቦልቻ ጓሮ

ታኅሣሥ መጀመሪያ፦ ቀን ቆረጣ

ደሴ ላይ ቲማቲም የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ ዘሩ መሬት ሳይነካ ነው፤ ቀኑ ሲሳሳት። ሐምሌ ከገባ ዝናቡ ቅጠሉን ከንጋት እስከ ንጋት ያርሰዋል፤ ምች የሚባለው የሻጋታ በሽታ ይወርድና አረንጓዴው ፍሬ ሳይቀላ ቡናማ ሆኖ ይበሰብሳል። ስለዚህ ሥራው በሙሉ የሚታሰበው ከሐምሌ ወደ ኋላ በመቁጠር ነው። ፍሬው ከተቋጠረ እስኪቀላ በደሴ ብርድ 60 ቀን ያህል ይፈልጋል። ችግኙ ከተዛመተ (ወደ መደቡ ከተዛወረ) አብቦ እስኪቋጥር 40 ቀን፣ ዘሩ ከፈላ (ለችግኝ ከተዘራ) እስኪዛመት ደግሞ 50 ቀን። ድምሩ 150 ነው። ታኅሣሥ 20 የፈላ ዘር የካቲት 10 ይዛመታል፣ መጋቢት 20 ፍሬ ይይዛል፣ ግንቦት 20 የመጀመሪያው ቀይ ይለቀማል። ከዚያ እስከ ሐምሌ መግቢያ ያሉት ስድስት ሳምንታት ያህል የምርቱ ጊዜ ናቸው። ማፍላቱን ለጥር 20 ያሳደረ ሰው ከነዚህ ውስጥ አራቱን ለዝናብ ሰጠ ማለት ነው።

ኮምቦልቻ ሌላ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። 25 ኪሎ ሜትር ያህሉ የሐረጎ ቁልቁለት 650 ሜትር ያወርዳል። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በግምት 0.6 ዲግሪ ስለሚለወጥ የሁለቱ ጓሮ ልዩነት ወደ 4 ዲግሪ ይጠጋል። 4 ዲግሪ ለሰው አንድ ጋቢ ነው። ለቲማቲም ግን ከዚያ ይከብዳል፤ ተክሉ ከ10 ዲግሪ በታች ማደጉን ያቆማልና የሚሠራው ከ10 በላይ በሚተርፈው ሙቀት ብቻ ነው። የቀንና የሌሊቱ አማካይ 17 ቢሆን ትርፉ 7፣ 21 ቢሆን 11 ነው። በዚህ ስሌት ኮምቦልቻ በ70 ቀን የሚደርስ ዝርያ ደሴ ላይ 110 ቀን ይፈጃል። እሽጉ ላይ «75 ቀን» የሚል የተጻፈበትን ዘር ገዝቶ በሦስተኛው ወር ቲማቲም የሚጠብቅ ሰው ይህን ያስላ። ያ ቁጥርም ቢሆን የሚቆጠረው ችግኙ ከተዛመተበት ቀን ጀምሮ ነው።

ዝርያ መረጣ

ለሁለቱም ጓሮ የሚፈለገው ዘሩ የማይከዳ ቲማቲም ነው፤ ከፍሬው የወጣው ዘር ሲዘራ ተመልሶ እናቱን የሚመስል። ከሰኞ ገበያ የተገዛ መልካም ቲማቲም ተጨምቆ ቢዘራ ይበቅላል፤ ነገር ግን ፍሬው ከድቅል የመጣ ከሆነ ልጆቹ ይበታተናሉ፦ አንዱ ሞላላ፣ አንዱ ክብ፣ አንዱ ዘግይቶ የሚደርስ። ለአንድ ዓመት ስልስ ያ ችግር የለውም። ዘር አቆይቶ ለማሻሻል ግን መነሻ አይሆንም።

ሮማ ቪኤፍ በአገራችን በሰፊው የሚታወቅ፣ ቁመቱ የሚገታ፣ ፍሬው ሞላላና ሥጋው ወፍራም ዝርያ ነው። «ቪ» እና «ኤፍ» የሚሉት ፊደላት ቨርቲሲሊየምና ፉዛሪየም የተባሉትን ሁለት የአጠውልግ ሻጋታዎች እንደሚቋቋም ያመለክታሉ፤ ምችን ይቋቋማል ማለት አይደሉም። ማርግሎብ በ1925 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ፣ ክብ፣ ውሃማ፣ ለሰላጣ የሚሆን ነው። መኒሜከር የእንግሊዞች ነባር ዝርያ ሲሆን ያለማቋረጥ ወደ ላይ ይረዝማል፤ ድጋፍ ካላገኘ መሬት ላይ ተኝቶ ይበሰብሳል። ስቱፒስ ከቼክ አገር የመጣ፣ ቅጠሉ የድንች ቅጠል የሚመስል፣ ፍሬው ትንሽ፣ ቶሎ የሚደርስና ብርድ የሚችል ነው። ብራንዲዋይን ደግሞ አንዱ ፍሬ ግማሽ ኪሎ ሊሞላ የሚችል፣ ጣዕሙ የተመሰገነ፣ ግን ዘገምተኛ ዝርያ ነው።

ደሴ ላይ ብራንዲዋይን መሞከር ልብ ማድረቅ ነው። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ የአበባው ብናኝ ይደክማል፤ አበባው ይረግፋል ወይም ፍሬው ተጣሞ፣ ከታች ጠባሳና ቀዳዳ ይዞ ያድጋል። ፍሬው ትልቅ በሆነ መጠን ይህ ይብሳል። ለደሴ ስቱፒስ፣ ማርግሎብና ትንንሽ ፍሬ ያላቸው የቼሪ ዓይነቶች፤ ለኮምቦልቻ ሮማ ቪኤፍ፣ መኒሜከርና ብራንዲዋይን ተመድበዋል። ማርግሎብ ለማነጻጸሪያ በሁለቱም ይዘራል።

ታኅሣሥ 8፦ ዘር ፍተሻ

ከየዝርያው 20 ዘር በረጠበ ሶፍት ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ከረጢት ገብቶ፣ 25 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ቦታ ይቀመጣል። በ10 ቀን ውስጥ 16 እና ከዚያ በላይ ካጎነቆለ ዘሩ ደህና ነው። ከ10 እስከ 15 ከሆነ በየጉድጓዱ ሁለት ሁለት ይዘራል። ከ10 ካነሰ ሌላ ዘር መፈለግ ይሻላል። አንድ ግራም 300 ያህል ዘር ስለሚይዝ ለጓሮ ከሩብ ግራም በላይ ማፍላት ትርፍ ነው።

ምንጩ የማይታወቅ ዘር በሙቅ ውሃ ይታከማል። ይህ ከዘሩ ጋር የሚመጡ የባክቴሪያ በሽታዎችን ይቀንሳል። ዘሩ በሻሽ ተቋጥሮ መጀመሪያ 38 ዲግሪ በሆነ ውሃ 10 ደቂቃ፣ ቀጥሎ በፔርሙስ ውስጥ በ50 ዲግሪ ውሃ 25 ደቂቃ ይቆያል፤ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይሰጣል። 48 ከሆነ በሽታው ይተርፋል፣ ከ52 ካለፈ ዘሩ ይሞታል። ቴርሞሜትር ከሌለ አይሞከር፤ በጣት ተለክቶ የሚሠራ ነገር አይደለም። ያረጀ ዘርም ይህን አይችልም።

ታኅሣሥ 20፦ ማፍላት

የፍሉ አፈር፦ ሁለት እጅ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ፣ አንድ እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ። በወንፊት ይነፋል። ከዚያ በድስት ላይ በእንፋሎት ተጋግሎ መሐሉ 80 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ይህ ከታለፈ በኋላ የሚመጣው ጉዳት ይታወቃል፦ ፍሉ በወጣ በሳምንቱ ግንዱ ከአፈሩ አጠገብ እንደ ክር ቀጥኖ ይወድቃል። የወደቀው አይነሳም። አፈሩ ውስጥ ያለ ሻጋታ ነው፤ የሚያነሳሳው ደግሞ ብዙ ውሃና የታፈነ አየር ነው።

መያዣው ለሁለት የተቆረጠ ሃይላንድ ወይም የእርጎ ኩባያ ይሆናል፤ ታቹ በጋለ ምስማር አምስት ስድስት ቦታ ይበሳል። ዘሩ 1 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ፣ በ3 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይዘራል። ከዚያ ጠልቆ የተቀበረ ዘር ቢበቅል እንኳ ቅርፊቱን ራሱ ላይ ተሸክሞ ይወጣና ቅጠሉን መዘርጋት ያቅተዋል። ከላይ በስስ ላስቲክ ይሸፈናል።

አፈሩ 25 ዲግሪ ሲሆን በ6 እስከ 10 ቀን ይበቅላል። 15 ሲሆን ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ከ10 በታች ጨርሶ አይበቅልም፣ አፈር ውስጥ እንዳለ ይሻግታል። በታኅሣሥ የደሴ ቤት ሌሊት ከ15 በታች ስለሚወርድ ሙቀት መፈለግ ግድ ነው። ፍሪጅ ካለ ከላዩ፣ ከወደ ጀርባው በኩል፣ ጥሩ ቦታ ነው፤ ዘሩ እስኪበቅል ብርሃን አያስፈልገውም። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ከኤሌክትሪክ ምጣዱ አጠገብ የሚያስቀምጡም አሉ። ይህ የሚያዋጣው ርቀቱ ከታወቀ ነው፤ አፈሩ ከ35 ካለፈ ዘሩ ይጎዳል። ኮምቦልቻ ላይ በረንዳ ይበቃል፤ ማታ ማታ ወደ ቤት ማስገባት ብቻ ነው።

ጥር መጀመሪያ፦ ፍሉ ወጣ

የመጀመሪያው ጎንቁል እንደታየ ላስቲኩ ይነሳል፣ መያዣውም በዚያው ቀን ወደ ብርሃን ይወጣል። አንድ ቀን ቢዘገይ ግንዱ ይመዘዛል፤ የተመዘዘ ግንድ አይመለስም። የመስኮት ብርሃን ከአንድ ጎን ብቻ ስለሚመጣ አይበቃም። የደሴው ፍል ጠዋት 3 ሰዓት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ይገባል። ደመና ሲበዛ ኤልኢዲ አምፖል ከፍሉ 10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በቀን 14 ሰዓት ይበራል። መብራት ሲጠፋ ፍሉን ሞቃት ጨለማ ውስጥ ከማቆየት ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ማሳደር ይሻላል፤ ሙቀት ያለ ብርሃን የሚያመርተው ቀጭን ግንድ ነው።

ውሃ አፈሩ ከላይ ሲደርቅ ብቻ፣ ጠዋት፣ ከታች በሳህን። በጥር ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ ውሃ ሥሩን ያቀዘቅዛል፤ ጀሪካኑን ለግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ማቆየት ይረዳል። በቀን አንድ ሁለት ጊዜ በመዳፍ ጫፉን መዳበስ ግንዱን ያጠነክራል። ጨዋታ ይመስላል፣ ግን ይሠራል፤ ንፋስ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው።

ጥምቀት ሰሞን፦ መለያየት

ከሁለቱ ለስላሳ የዘር ቅጠሎች በላይ እውነተኛው ቅጠል ሲወጣ እያንዳንዱ ወደ ራሱ የችግኝ ላስቲክ ይዛወራል። የሚያዘው በቅጠሉ ነው። በግንዱ የተያዘ ችግኝ ከተጨፈለቀ አለቀለት፤ ቅጠል ግን ሌላ ይተካል። እስከ ዘር ቅጠሎቹ ድረስ ይቀበራል፤ የተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል።

ደሴ ላይ በዚህ ሳምንት የብዙዎቹ ቅጠል ከሥሩ ሐምራዊ ሆኗል። ይህ የሚጠበቅ ነው። አፈሩ ሲበርድ ሥሩ ፎስፈረስ መሳብ ይሳነዋል እንጂ ፎስፈረስ ጠፍቶ አይደለም። አብሽሩ፤ ሲሞቅ ይለቃል። እዚህ ላይ ማዳበሪያ የሚጨምር ሰው ሥሩን በጨው ያቃጥላል። ኮምቦልቻ ያሉት ማርግሎቦች አንድም ሐምራዊ የላቸውም፣ ቁመታቸውም ከደሴዎቹ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ዘሩ አንድ፣ አፈሩ አንድ፣ የፈላበት ቀን አንድ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ችግኝ ኮምቦልቻ አፍልቶ ደሴ ማምጣት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል። ግን ከችግኙ ጋር ቱታ የተባለው የእሳት እራት እንቁላልና ነጭ ዝንብ አብሮ ይጫናል። ዘር ይጓዝ፣ ችግኝ አይጓዝ።

የካቲት መጀመሪያ፦ ቦታና ጉድጓድ

ከውጭ የመጡ መጻሕፍት ቲማቲምን ወደ ደቡብ ከሚያይ ግድግዳ ሥር ትከሉ ይላሉ። ደሴ በሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ይህ ምክር ግማሹ ብቻ ይሠራል። ከሚያዝያ 11 አካባቢ እስከ ነሐሴ 18 አካባቢ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናት አልፋ ወደ ሰሜን ትዘነብላለች፤ ፍሬው በሚቀላበት ግንቦትና ሰኔ የደቡቡ ግድግዳ ሥር እንዲያውም ጥላ ነው። ደሴ ላይ የሚበልጠው የምሥራቅ ፊት ነው። የጠዋት ፀሐይ ጤዛውን ቶሎ ያደርቃል፣ ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ የሚቆይበት ሰዓት ያጥራል። በምዕራብ በኩል ደግሞ ጦሳ አለ፤ ተራራው ሥር ያሉ ሰፈሮች ከሰዓት በኋላ ፀሐያቸውን ቶሎ ያጣሉ። ከመቆፈር በፊት አንድ ጥርት ያለ ቀን ጓሮውን በየሰዓቱ ማየትና ጥላው የት እንደሚወድቅ በችካል ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። ከ6 ሰዓት በታች ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ለጎመን ይተው።

ቀድሞ ድንች፣ በርበሬ ወይም ቲማቲም የነበረበት መደብ ለሦስት ዓመት ይታለፋል። በተለይ ሳይዘራ የበቀለ ድንች በአካባቢው ካለ ከነሥሩ ይነቀል፤ የድንቹ ምችና የቲማቲሙ ምች አንድ ነው።

ጉድጓዱ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 30 ጥልቀት አለው። ሁለት አካፋ የከረመ ፍግ ወይም ብስባሽ፣ ከወጣው አፈር ጋር ተደባልቆ ይመለሳል። አመድ አንድ እፍኝ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የአፈሩን ጨውነት ያበዛል። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። በተክሎቹ መካከል 60፣ በመሥመሮቹ መካከል 80 ሴንቲ ሜትር ይተዋል። ይህ ለዓይን የሚባክን ይመስላል፤ አየር ካላለፈ ግን በመጋቢት ዋጋው ይከፈላል። ኮምቦልቻ ወደ ቦርከና ወንዝ ወረድ ብሎ ያለው ጥቁር ዋልካ ውሃ ስለሚይዝ መደቡ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሠራል፤ የደሴው ድንጋያማ ተዳፋት ይህ አያስፈልገውም።

ድጋፉ ከመተከሉ በፊት ይቆማል፣ በኋላ ሲቸከል ሥር ይበጥሳልና። 2 ሜትር የሆነ ቀጭን የባሕር ዛፍ እንጨት 40 ሴንቲ ሜትሩ መሬት ይገባል።

ከመዛመቱ በፊት ችግኙ ለ10 ቀን ከውጭው አየር ጋር ይላመዳል፦ መጀመሪያ ሁለት ሰዓት በጥላ፣ ከዚያ በፀሐይ፣ በመጨረሻ ሁለት ሦስት ሌሊት ውጭ ያድራል። ይህ ከተዘለለ ቅጠሉ በአንድ ቀን ፀሐይ ወረቀት መስሎ ይነጣል።

የካቲት 10፦ ማዛመት

ኮምቦልቻ የተዛመተው ከሳምንት በላይ ቀድሞ ነው። እዚያ ችግኙ ቀጥ ብሎ፣ እስከ መጀመሪያው እውነተኛ ቅጠል ድረስ በጥልቅ ተቀበረ። ደሴ ላይ ግን በጥልቅ መቅበር አይመከርም፤ የታችኛው አፈር ገና ቀዝቃዛ ነው። የታችኞቹ ቅጠሎች ተቆርጠው ግንዱ በ8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት በአግድም ይተኛል፣ ጫፉ ብቻ ቀስ ብሎ ይቀናል። ሥሩ በሞቀው አፈር ውስጥ ይዘረጋል። የተኛበትን አቅጣጫ በችካል ማመልከት ነው፤ አለበለዚያ በኋላ ሲኮተኮት ይቆረጣል።

የሚዛመተው ከሰዓት በኋላ ነው። 2 ሊትር ውሃ ለእያንዳንዱ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ታቹ የተቆረጠ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ማታ ማታ ይደፋበታል። ክዳኑ ክፍት ይሁን፣ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ይነሳ፤ የተረሳ ጠርሙስ ችግኙን ይቀቅለዋል።

የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር፦ ሌላ ሃይላንድ ክዳኑ በመርፌ ሁለት ቦታ ተበስቶ፣ በአፉ ተደፍቶ ከተክሉ 15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይቀበራል። ታቹ ተቆርጦ ከላይ ይሞላል። ቅጠሉ አይረጥብም፣ ውሃው ሥር ድረስ ይወርዳል። በላዩ የጤፍ ጭድ 5 ሴንቲ ሜትር ይጎዘጎዛል፤ ደሴ ላይ ግን ጉዝጓዙ እስከ መጋቢት አጋማሽ ሳይገባ ይቆይ፣ ቀድሞ ከገባ አፈሩን ከፀሐይ ይጋርዳል።

መጋቢት እና ሚያዝያ፦ በልግ

የዓመቱ ከባድ ወቅት ይኸው ነው። በልጉ ሲዘንብ ደመናው ይቆያል፣ በረዶም ይቀላቅላል። ምች የሚፈልገው ከ10 እስከ 25 ዲግሪ የሆነ ሙቀትና ለግማሽ ቀን ያህል የረጠበ ቅጠል ነው። ደሴ ሁለቱንም ሳትነፍግ ትሰጣለች። ምልክቱ ውሃ የነካው የሚመስል ጥቁር አረንጓዴ ነጠብጣብ ነው፤ በማለዳ ቅጠሉ ሲገለበጥ በነጠብጣቡ ዳር ነጭ ዱቄት መሰል ሻጋታ ይታያል። ግንዱ ላይ ከወጣ በሦስት አራት ቀን መደቡን ይጨርሳል። ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች የሚጀምረው፣ ክብ በክብ ቀለበት ያለው ቡናማ ነጠብጣብ ሌላ በሽታ ነው፤ ያን ቅጠሉን እየለቀሙ ማዘግየት ይቻላል።

ከመድኃኒት ሁሉ የሚበልጠው የላስቲክ ጣሪያ ነው። 1.2 በ3 ሜትር ለሆነ መደብ ስድስት ምሰሶ ይበቃል፤ በአንድ ወገን 2.2፣ በሌላው 1.8 ሜትር ቁመት። ላስቲኩ በየጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር ይተርፍ። አራቱም ጎን ክፍት ይሁን። ጎኑን የዘጋ ሰው ዝናቡን አስቀርቶ ላቦቱን ያስገባል፤ ሌሊት የታፈነው እርጥበት ወደ ቅጠሉ ይንጠባጠባል፣ ምችም ከውስጥ ይነሳል። ላስቲኩ ተወጥሮ በሚስማርና በቆዳ ቁራጭ ካልተያዘ የደሴ ንፋስ በአንድ ማታ ይወስደዋል።

ጣሪያ ለሌለው ማንኮዜብ አለ፤ በአንድ ሊትር ውሃ ከ2 እስከ 2.5 ግራም፣ በየሳምንቱ፣ ዝናብ ካጠበው በድጋሚ። ይህ የሚከላከል እንጂ የሚያድን አይደለም፤ ነጠብጣቡ ከታየ በኋላ መርጨት ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ይደረግ፣ ከርጭት እስከ ለቀማ የሚቆየው ጊዜ በእሽጉ ላይ ያለው ይከበር።

በረጅሞቹ ዝርያዎች በቅጠሉና በግንዱ ብብት የሚወጣው የጎን ቡቃያ 5 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ይቀነጠሳል፤ አንድ ወይም ሁለት ግንድ ብቻ ይቀራል። ሮማ ቪኤፍ አይቀነጠስም፤ ፍሬውን የሚሰጠው በእነዚያ ቅርንጫፎች ነው፣ የቀነጠሰ ምርቱን ቆረጠ። የሚሠራው ቅጠሉ በደረቀበት ረፋድ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ የትምባሆው የቅጠል ዝንጉርጉር ቫይረስ በእጅ ይተላለፋል።

አበባው የራሱን ብናኝ ራሱ ይቀበላል፣ የሚፈልገው መናወጥ ብቻ ነው። ከጣሪያ ሥር ንፋሱ ስለሚቀንስ ከረፋዱ 4 እስከ 6 ሰዓት የአበባውን ዘለላ በጣት መታ መታ ማድረግ በግልጽ የሚታይ ለውጥ ያመጣል። በዚህ ዙር የደሴ ማርግሎብ የመጀመሪያውን ዘለላ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ አረገፈው፤ በእነዚያ ሌሊቶች ቴርሞሜትሩ ከ10 በታች ነበር። ስቱፒስ ግን ያዘ። የማርግሎብ ሁለተኛ ዘለላ በሚያዝያ ደህና ቋጥሯል።

ግንቦት፦ ፍሬ

ኮምቦልቻ መልቀም ከተጀመረ ቆይቷል። አሁን የሚያስቸግረው ነፍሳት ነው። ቱታ አብሶሉታ፣ ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ በ2012 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው የእሳት እራት፣ ትሉ በቅጠሉ ሁለት ገጽ መካከል እየበላ ሰፊ፣ ነጣ ያለ፣ ውስጡ ጥቁር ኩስ ያለበት ኪስ ይሠራል። ፍሬ ላይ በአንገቱ አጠገብ ይገባል። የተቦረቦረ ቅጠል በየሁለት ቀኑ ተለቅሞ፣ በጥቁር ላስቲክ ታስሮ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ከተጣለ ትሉ ጨርሶ ይወጣል። አንድ ዓይነት መርዝ ደጋግሞ መርጨት በፍጥነት ያለማምደዋል። ደሴ ላይ ብርዱ ትውልዱን ስለሚያዘገየው እስካሁን ጥቂት ቅጠል ብቻ ነው የነካው።

የፍሬው ታች ጠቁሮ መድረቅ በሁለቱም ጓሮ ታይቷል፣ በሮማ ቪኤፍ ላይ ይበዛል። ካልሲየም ወደ ፍሬው ጫፍ ሳይደርስ ሲቀር የሚመጣ ነው። ካልሲየሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ አፈሩ ውስጥ አለ፤ የሚያደርሰው ውሃ ነው የተቆራረጠው። የእንቁላል ቅርፊት መበተን ለዚህ ዓመት ፍሬ የሚያደርገው ነገር የለም፣ ለመሟሟት ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። የሚሠራው በአንድ ተክል በየሁለት ቀኑ ከ3 እስከ 4 ሊትር ሳያቋርጡ ማጠጣትና ዩሪያ መቀነስ ነው። ዩሪያ የሚጨምር ካለ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ከግንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ከተዛመተ በሦስተኛው ሳምንትና ፍሬ ሲይዝ፤ ፍግ በደንብ የበላ መደብ እሱንም አይፈልግም። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ተጠቅልሎ አበባ ካጣ ናይትሮጅን በዝቶበታል።

ሲደርቅ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ውሃ የጠገበ ፍሬ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀው በዚያው ቀን ለወጥ ይሁን።

ሰኔ አጋማሽ፦ ዘር ማውጣት

ለዘር የሚመረጠው ተክሉ ነው፤ ትልቁ ፍሬ ዓይን ይስባል እንጂ ስለ ተክሉ ብዙ አይናገርም። ለደሴ የሚፈለገው ግልጽ ነው፦ በመጋቢት ብርድ አበባውን ያላረገፈ፣ ምች ሲመጣ ዘግይቶ የተነካ፣ ቶሎ ያቀላ። እንዲህ ያሉ አምስት ስድስት ተክሎች ገና በመጋቢት በቀይ ክር ታስረው ይለያሉ፤ በሰኔ ሁሉም ቀይ ፍሬ ተሸክሞ ሲታይ ማን ብርዱን እንደቻለ ማስታወስ አይቻልም። ዘሩ ከሁሉም ተቀላቅሎ ይወሰዳል።

ቲማቲም ብዙ ጊዜ በራሱ ይዳቀላል። ሆኖም ስቱፒስና ብራንዲዋይንን የመሰሉ ባለ ድንች ቅጠል ዝርያዎች አንዳንዴ ተቀባዩ ጫፍ ከአበባው ስለሚወጣ ንብ ልታዳቅላቸው ትችላለች። 10 ሜትር ማራቅ ወይም ዘለላውን ሳይፈነዳ በስስ የመጋረጃ ጨርቅ ከረጢት ማሰር ነው፤ ፍሬው የአተር ያህል ሲሆን ከረጢቱ ይነሳል።

ፍሬው ለመብላት ከሚሆነው አልፎ ለስለስ እስኪል ተክሉ ላይ ይቆያል። በመሐሉ ተቆርጦ ዘሩ ከነዝልግልጉ ወደ ብርጭቆ ይጨመቃል፤ ወፍራም ከሆነ ትንሽ ውሃ ይታከላል። ያ ዝልግልግ ዘሩ እንዳያጎነቁል የሚከለክለው ሽፋን ነው፣ በማብላላት ይወልቃል። ኮምቦልቻ ሁለት ቀን፣ ደሴ አራት ቀን ያህል ይበቃል። በቀን አንዴ ይማሰላል፤ ላዩ ነጭ ሻጋታ ይለብሳል፣ ይሸታል፣ ደህናው ዘር ይሰምጣል። ከዚህ ካለፈ ዘሩ ብርጭቆ ውስጥ ማጎንቆል ይጀምራልና ነገ ይደረጋል አይባልም። ውሃ እየተጨመረ ተንሳፋፊው ይደፋል፣ የቀረው በወንፊት ይታጠባል።

ማድረቂያው ሸክላ ሳህን ወይም ሰፌድ ላይ የተዘረጋ ጨርቅ ነው። ሶፍት ላይ የደረቀ ዘር ከሶፍቱ አይላቀቅም። ጥላ ውስጥ፣ ነፋሻ ቦታ፣ በየቀኑ እየተገለባበጠ ይቆያል፤ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። በወረቀት ፖስታ፣ ፖስታው በሚዘጋ ብልቃጥ፣ ብልቃጡ በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ። እንዲህ የተያዘ ዘር ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ይበቅላል። ፖስታው ላይ ዝርያው፣ የተለቀመበት ወርና ዓመተ ምሕረት፣ ጓሮው ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ መሆኑ፣ ስንት ተክል እንደተቀላቀለ ይጻፍ። የደሴው ማርግሎብና የኮምቦልቻው ማርግሎብ ከዚህ በኋላ በተለያየ ፖስታ ይኖራሉ።

ሐምሌ፦ መንቀል

ምች ደሴን አዳርሷል፤ ከጣሪያው ሥር ያሉትም በዳር በዳሩ ተነክተዋል። የተመታ ተክል በላዩ ያለው ሙሉ ፍሬ ዘሩ ጤነኛ ነው፤ ይህ ሻጋታ የሚኖረው በሕያው ሥጋ ላይ ስለሆነ በደረቀ ዘር አይሻገርም። ጤነኛ የሆኑት አረንጓዴ ፍሬዎች አንገታቸው ላይ ነጣ ማለት ከጀመሩ ከአንድ የበሰለ ሙዝ ጋር በካርቶን ይዘጋሉ፣ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ባለበት ቤት ይቀላሉ። በየቀኑ ይገለጡ፤ ቡናማ ጠባሳ ያወጣ ወዲያው ይውጣ። ፍሪጅ ውስጥ የገባ አረንጓዴ ቲማቲም አይበስልም።

ግንዱ ከነሥሩ ተነቅሎ ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል። የድጋፍ እንጨቶቹ ታጥበው ፀሐይ ሲገኝ ይሰጣሉ፤ ላስቲኩ ተጠቅልሎ ጣሪያ ሥር ይገባል፣ ፀሐይ ላይ የከረመ ላስቲክ በሁለተኛው ዓመት ይቀደዳል።

መስከረም፦ ኮምቦልቻ ሁለተኛ ዙር

ዝናቡ ሲቀንስ ኮምቦልቻ እንደገና ይፈላል፤ መስከረም 10 የፈላው ጥቅምት አጋማሽ ላይ ይዛመታል፣ በጥር ይለቀማል። በመስኖ ብቻ ስለሚያድግ ምች ያንሳል፣ ነጭ ዝንብና የቅጠል መጠቅለል ቫይረስ ግን ይበረታል፤ ፍሉ በስስ ጨርቅ ተሸፍኖ ማደግ አለበት። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ወደ ላይ የተጨማደደ ችግኝ ሳይዛመት ይወገዳል።

ደሴ በዚህ ዙር አትገባም። በመስከረም የፈላ የደሴ ቲማቲም የሚያብበው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ሌሊቱ ውርጭ በሚያወርድበት ጊዜ። ጓሮው እስከ የካቲት በባቄላና በነጭ ሽንኩርት ይያዝ።